ከጅማ ቶሮንቶ ከ7 ወር ልጅ ጋር፦ ገና አልተቀመጠም፣ ጉዞውን ላራዝመው?

እናት_ከሜንቲና
ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም እህቶቼ፣ ወንድሞቼም። ልጄ ዛሬ 7 ወር ከ2 ሳምንት ሞላው። የዛሬ 3 ሳምንት ወደ አባቱ፣ ወደ ቶሮንቶ እንሄዳለን። ቲኬቱ ተቆርጧል።

ጭንቀቴ ምን መሰላችሁ፣ ልጁ እስካሁን አልተቀመጠም። ትራስ ከደረደርኩለት ትንሽ ይቆይና ዘመም ብሎ በጎኑ ይወድቃል። የጎረቤቴ ልጅ በ10 ቀን ታንሰዋለች፣ እሷ ግን ቁጭ ብላ ሳህን በማንኪያ ትደበድባለች። አማቴ ደግሞ "አጥንቱ ሳይጠና በአየር ከወሰድሽው እድገቱ እዚያው ይቆማል" ይሉኛል። ልጁን ስለሚወዱት ነው፣ አውቃለሁ። ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ጉዞውን ላራዝመው? ከአዲስ አበባ ወዲያ አልፌ አላውቅም። ያላችሁን ሁሉ ንገሩኝ።

ሀዊ_ጅሬን
ሰኞ፣ ማታ 3፡42

አይዞሽ እናት። እኔ ሁለት አሉኝ። ወንዱ በ10 ወሩ በእግሩ ሄደ። ሴቷ በ15 ወሯ። አንድ ቤት፣ አንድ ገንፎ፣ አንድ አንቀልባ። እንዲያውም ሴቷ ጭራሽ አልዳኸችም። በቂጧ እየተንፏቀቀች ቆይታ አንድ ቀን በርጩማውን ይዛ ቆመች። ዛሬ ትምህርት ቤት ሩጫ የሚቀድማት የለም። ከጎረቤት ልጅ ጋር ማነጻጸሩን ተይው፣ እሱ ነው ሰው የሚገድለው።

የሁለት_ልጆች_አባት
ሰኞ፣ ማታ 4፡15

ስለ አውሮፕላኑ እኔ ልንገርሽ። ልጄን በ6 ወሯ ይዘን ዱባይ ሄደናል።

አየሩ እድገት አያቆምም። በበረራ ላይ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለሽ ያህል ነው የሚሆነው። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ልጅሽ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ሲያድር የሚተነፍሰውን አየር ነው እዚያም የሚተነፍሰው። ጅማችን ከ1,700 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

የሚያስቸግረው ጆሮ ነው፣ እሱም ሲወርድ። ከቦሌ ሲነሳ ግፊቱ ብዙም ስለማይለወጥ ልጄ ምንም አላለችም። ዱባይ ግን ባሕር ጠርዝ ላይ ናት። መውረድ ሲጀምር ጩኸቷን ለቀቀችው። እናቷ ጡት ስትሰጣት ወዲያው ዝም አለች። መዋጥ ጆሮን ይከፍታል። ቶሮንቶም ዝቅ ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ አብራሪው መውረድ ጀመርን ሲል አጥቢው። ተኝቶ ከሆነ ቀስቅሺው። ደግሞ ከዚያ በፊት አጥግበሽው እንዳትገኚ፣ ለዚያች ሰዓት ትንሽ ራብ ይበለው።

እስከ አዲስ አበባ በመኪና ከሆነ የምትሄዱት ጊቤ በረሃ ስትወርዱም ያው ነው። ቁልቁለቱ ላይ አጥቢው። ሙቀቱም ከባድ ስለሆነ ልብሱን አቅልይለት። ወደ 350 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፣ ለአራስ ቤት ልጅ ይረዝማል። አቅም ከፈቀደ ከአባ ጅፋር አየር ማረፊያ መነሳት ይሻላል።

እታለም
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

የኔ ልጅ፣ አማትሽ ክፉ አላሉም። እኛ ስድስት ያሳደግን እንዲህ ነው የምናስበው። እንዲጸናልሽ ጠዋት ጠዋት ቅባት ቀብተሽ ፀሐይ አሙቂው። ለመንገዱ ደግሞ የጅማ ማር በጣትሽ ጫፍ እያስላስሽ ሂጂ፣ ዝም ብሎ ይተኛልሻል። እግዜር ያግባሽ።

ሲስተር_ሂርማታ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡05

እትዬ፣ ፀሐዩ ላይ እስማማለሁ። ማሩን ግን እባክዎ ይተዉልን። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር በፍጹም አይሰጥም። ማሩ ንጹሕ ቢሆንም በውስጡ ሊገኝ የሚችል ባክቴሪያ አለ። የሕፃን አንጀት ስለማይቋቋመው ጡንቻውን የሚያዝል መርዝ ይሠራበታል። አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው፣ ሲያጋጥም ግን ትንፋሽ ድረስ ይሄዳል። ዓመቱን ሲደፍን ያስልሱት።

እናት፣ ወዳንቺ ልመለስ። የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። አንድ ነገር መጀመሪያ ልጠይቅሽ፦ ልጁ በወሩ ነው የተወለደው? ካልሆነ በስንት ሳምንቱ?

ከዚያ ደግሞ እነዚህን ዛሬ አይተሽ ንገሪኝ። ራሱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል? ይገለበጣል? ድምፅሽን ሲሰማ ዞር ይላል? ዓይን ዓይንሽን እያየ ይስቃል? ዕቃ ስትሰጪው በየትኛው እጁ ነው የሚቀበለው? ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራል? መቀመጡን ለጊዜው ተይው።

እናት_ከሜንቲና
ማክሰኞ፣ ቀን 8፡20

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። በ35 ሳምንቱ ነው የተወለደው። ቶሎ ስለወጣን ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል።

ራሱን ደህና አድርጎ ይይዛል። ከሆዱ ወደ ጀርባው ይገለበጣል። ስጠራው ይዞራል። ሳቁማ ቤት ይሞላል።

የእጁ ነገር ግን አስደነገጠኝ። ጥያቄሽን ካነበብኩ በኋላ የቡና ማንኪያ ይዤ ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩ። በመሐል ስሰጠው በቀኙ ያዘ። ከዚያ ወደ ግራው አስጠግቼ ሰጠሁት። ሰውነቱን አጣሞ፣ ቀኝ እጁን አሻግሮ ያዘ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አምስቱንም በቀኙ። ግራው አይሠራም ማለቴ አይደለም። ሲጠባ ቀሚሴን የሚጨብጠው በእሱ ነው። ለመቀበል ግን አይመጣም። አባቱ በስልክ አይቶት "ቀኝ እጅ ነው የኔ ልጅ" ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ምን ማለት ነው?

ሲስተር_ሂርማታ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡00

ቁጭ ብለሽ አንብቢኝ።

መጀመሪያ መቀመጡ። በ35 ሳምንቱ ከተወለደ 5 ሳምንት ቀድሟል። እድገቱን ስንለካ እስከ 2 ዓመቱ ያንን 5 ሳምንት እንቀንሳለን። ስለዚህ ልጅሽ ለእድገት ሲታይ የ6 ወር ከሳምንት ገደማ ልጅ ነው። ክትባት ላይ ግን አይቀነስም፣ እሱ በተወለደበት ቀን ነው የሚቆጠረው። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው አለ። ጤነኛ ልጆች ያለ ድጋፍ የተቀመጡት ከ3.8 እስከ 9.2 ወር ባለው ጊዜ ነው። ለብቻቸው የሄዱት ከ8.2 እስከ 17.6 ወር። ከመቶ 4 የሚሆኑት በእጅና በጉልበት ሳይድሁ ነው የሄዱት፣ እንደ ሀዊ ልጅ። ስለዚህ በመቀመጡ ዛሬ ተኝተሽ እደሪ።

ለእጁ ግን ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ። ሕፃን ከ1 ዓመቱ በፊት ቀኝ ወይም ግራ አይለይም፣ በሁለቱም ነው የሚይዘው። አንዱን ብቻ የሚመርጥ ከሆነ ሌላው ጎን ደከም ብሎ ሊሆን ይችላል። ያለ ጊዜው የተወለደ ሲሆን ይበልጥ መታየት አለበት። ችግር አለ ማለቴ አይደለም። በዚህ ሳምንት የሕፃናት ሐኪም ይየው ነው የምልሽ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ስታቅፊው በየትኛው ጎንሽ ነው?

እናት_ከሜንቲና
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡25

በቀኝ ጎኔ። እኔ ግራኝ ነኝ። የማማስለው፣ የምከትፈው፣ ቡና የምቆላው በግራ እጄ ስለሆነ እሱን በቀኜ ነው የምይዘው። አሁን አቅፌው መስታወት ፊት ቆምኩ። ቀኝ እጁ ከፊቴ ነጻ ነው፣ ያገኘውን ይጎትታል። ግራው ከጀርባዬ ሄዶ ተወሽቋል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የሚውለው።

ሲስተር_ሂርማታ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡31

ይሄንን ለሐኪሙ ልክ እንዳልሽኝ ንገሪው። ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። ግን እንዲህ ነው ብለሽ እንዳትቀሪ።

ቶሮንቶ_ያለሁ
ረቡዕ፣ ሌሊት 7፡50

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ያደግኩ ነኝ፣ አሁን ቶሮንቶ። ሲስተር የምትለውን አድርጊ። እኔ ደግሞ ከዚህኛው ጫፍ ያለውን ልንገርሽ፣ ብዙ የሚያጠፋን ወረቀት ነው።

የክትባት ካርዱ። የመጀመሪያ ልጄ ካርድ ላይ ክትባቱ 10/02/2012 ተብሎ ተጽፎ ነበር፣ ጥቅምት 10 ማለት ነው። ልጁ ግን በፈረንጆቹ በ2019 ነው የተወለደው። እዚህ ያለችው ነርስ ካርዱን ገልብጣ ገልብጣ አየችና "ይሄ ልጅ ከመወለዱ 7 ዓመት በፊት ነው እንዴ የተከተበው?" አለችኝ። አንዳንዱን ክትባት እንደገና ሊወጉት ነበር። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ከእያንዳንዱ ቀን ጎን እ.ኤ.አ. አስጽፊ፣ ማህተም ይደረግበት። በልደት ካርዱና በፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀንም አንድ መሆኑን አሁኑኑ እዪ። በተለይ ጳጉሜ ወይም መስከረም ላይ የተወለደ ልጅ ቀኑ ሲቀየር ይሳሳታል።

የቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) ጠባሳው ክንዱ ላይ ካለ ንገሪያቸው። እዚህ ለሁሉም ሕፃን አይሰጥም። በኋላ በቆዳ የቲቢ ምርመራ ቢደረግለት ውጤቱን ሊያምታታ ስለሚችል ይመዝገብ።

የኩፍኝ ክትባት በ9 ወሩ ነበር የሚደርሰው፣ ጉዞው ላይ ይገጥምሻል። ከ6 ወር በላይ ለሆነ ተጓዥ ሕፃን ቀደም ተደርጎ የሚሰጥበት አሠራር ስላለ ጠይቂ። ቢወስድም እዚህ ከዓመቱ በፊት የተሰጠውን አይቆጥሩትም፣ ከዓመቱ በኋላ ሁለት ይሰጡታል። እንዳትደነግጪ።

ለባልሽ ንገሪው፦ የልጅ መኪና ወንበር ወደ ኋላ የሚዞረውን ገዝቶ አየር ማረፊያ ይዞ ይምጣ። በመኪና ልጅ ታቅፎ መሄድ እዚህ የለም። ጎማ ያለውን የሕፃን መራመጃ ግን ሻንጣሽ ውስጥ እንዳትከቺ። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. መሸጡንም ማስገባቱንም ከልክላለች። ልጆች ይዘውት ደረጃ ላይ ስለሚወድቁ ነው። መሄድንም አያስተምርም።

የእትዬን ፀሐይ ነገር ደግሞ እዚህ ክረምት ላይ አታገኚውም። ጡት ለሚጠባ ልጅ በቀን 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ ነው የሚሰጡት።

የሁለት_ልጆች_አባት
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡40

የወረቀቱ ነገር ሲነሳ፦ አባት ሳይኖር ልጅ ይዘሽ ስለምትወጪ የአባትየው የስምምነት ሰነድ ተረጋግጦ በእጅሽ ይኑር። ከልደት ካርዱ ጋር በእጅ ቦርሳ፣ ሻንጣ ውስጥ አይደለም። ሕፃን የሚተኛበትን ተንጠልጣይ አልጋ አሁኑኑ ለአየር መንገዱ ደውለሽ አስይዢ። የክብደት ልክ ስላለው መዝኚውና ሂጂ።

ሀዊ_ጅሬን
ረቡዕ፣ ቀን 6፡15

እኔን የሚያሳስበኝ ቋንቋው ነው። ቤታችን ኦሮምኛም አማርኛም ነው። የእህቴ ልጅ ወደ ስዊድን ስትሄድ ሦስተኛ ተጨመረባት። ዘመድ ሁሉ "አፏ ይታሰራል" አለ።

ሲስተር_ሂርማታ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡50

አይታሰርም። ሁለትና ሦስት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። ቃል ስትቆጥሪ የሁሉንም ደምረሽ ቁጠሪ። በ18 ወሩ ከ"እማ" እና "አባ" ሌላ ሦስት ቃል ለማለት ይሞክራል እንላለን። በኦሮምኛ "ቢሻን" (ውሃ)፣ በአማርኛ "ወተት"፣ ደግሞ በኦሮምኛ "ኮቱ" (ነይ) ካለ ሦስት ሆኑ። እናት፣ ቶሮንቶም ስትደርሺ በአማርኛሽ አውሪው። በሚያውቀው ድምፅ ነው ማውራት የሚለምደው።

እናት_ከሜንቲና
ዓርብ፣ ማታ 3፡00

ሐኪሙ አየው። በዝርዝር ልጻፈው፣ ለሌላ እናት ይጠቅማል።

መጀመሪያ ምንም ሳይነካው በምንጣፍ ላይ አስቀመጠውና ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ቀኝ እጁን በቀስታ ይዞ በግራ በኩል ቀይ ኩባያ አቀረበለት። ልጄ ተናደደ። ቀኙን ሊያስለቅቅ ታገለ። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። ከቆይታ በኋላ ግራ እጁ ተነሳ። ጣቶቹ ተከፈቱ። ኩባያውን በመዳፉ ነክቶ አጣው፣ ደግሞ ሞከረ፣ ያዘው። አለቀስኩ።

ክንዶቹን፣ እግሮቹን አጠፈ፣ ዘረጋ። ጥንካሬያቸው ተመሳሳይ ነው አለኝ። ግራ እጁ ሲተኛም ተጨብጦ የሚቀር አይደለም። የአቀፋዬን ነገር ስነግረው እንዳሳየው ጠየቀኝ፣ አሳየሁት። "ይሄ አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል፣ ግን በአንድ ቀን አይቼ አልዘጋውም" አለ። የሰጠኝ ሥራ፦ በግራ ጎኔ ማቀፍ። መጫወቻውን በግራው በኩል ማቅረብ፣ ቀኙን ሳላስር። ነቅቶ ሳለ በቀን ብዙ ጊዜ በሆዱ ማስተኛት፣ ለመተኛት ግን በጀርባው። ከ6 ሳምንት በኋላ ድጋሚ ይታይ።

6 ሳምንት ማለት ቶሮንቶ ነን። "ጉዞውን አታራዝሚ፣ ቀጠሮውን ግን አታሳልፊ" አለኝ። ያየውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጻፈልኝ፣ በ35 ሳምንቱ መወለዱንም። ባለቤቴ ነገ እዚያ ያለውን ሐኪም ቀጠሮ ያስይዛል።

በግራ ማቀፉ ከበደኝ። ሽንኩርት በቀኝ እጄ መክተፍ አልችልም። ለጊዜው አማቴ ይከትፋሉ። ነገሩን ሲሰሙ "እኔ መሀይም ነኝ" ብለው አዘኑ። አይደሉም። ልጁን በግራ በኩል ቁጭ ብለው የሚያጫውቱልኝ እሳቸው ናቸው።

እታለም
ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡00

እሰይ። አማትሽን ሳሚልኝ። ማሩን ለአንቺ ለራስሽ ያዢ፣ ለእናት አይከለከልም።

ቶሮንቶ_ያለሁ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡30

ስትደርሺ የሚያስደነግጥሽን አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። የሰዓቱ ልዩነት 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቅቶ ሊጫወት ይፈልጋል። ይነጫነጫል፣ ምግብ ይተዋል፣ አንቺን ብቻ ይላል። በቀን አንድ ሰዓት ያህል እያለ ይስተካከላል። ጠዋት መጋረጃ ክፈቺ፣ ማታ አጨልሚ። በዚያ ሳምንት ስለ እድገቱ ምንም አትፍረጂ።

ሲስተር_ሂርማታ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡10

ልክ ነሽ። እኔ ልጨምር። መነጫነጭና እንቅልፍ መዛባት የመንገድ ነው። ይችለው የነበረውን ሲተው ግን የመንገድ አይደለም። ይስቅ የነበረ ሳቁን ቢተው፣ ራሱን ይይዝ የነበረ ቢዝል፣ ድምፅ ያወጣ የነበረ ዝም ቢል፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጂው። ዘግይቶ መጀመርና ያለውን ማጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት በስልክሽ ቅረጪው። አንድ ደቂቃ በሆዱ፣ አንድ ደቂቃ ተደግፎ ተቀምጦ፣ አንድ ደቂቃ ዕቃ ሲቀበል። በየሳምንቱ አንዴ እንደዚያው። ሐኪም ፊት ልጅ ያኮርፋል፣ ቪዲዮ አያኮርፍም።

እናት_ከሜንቲና
ከ5 ሳምንት በኋላ፣ እሑድ

ደርሰናል። የጆሮውን ምክር ያልከኝ ወንድሜ፣ ተባረክ። ሲወርድ ሌላ ሕፃን ሁሉ ሲያለቅስ የእኔ ይጠባ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ሲኦል ነበር፣ እንዳላችሁት። ከ9 ቀን በኋላ ሌሊት መተኛት ጀመረ።

ካርዱን አዩት፣ ቀኑ ሁሉ ስለተጻፈ ምንም ጥያቄ አልነበረም። የኩፍኙን እዚያው ጅማ ወስዶ ነበር፣ አይቆጠርም አሉኝ፣ አልደነገጥኩም። የሐኪሙን ደብዳቤ ግን ሁለቴ አነበቡት። የመጀመሪያ ነገር "የተስተካከለ ዕድሜው ስንት ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ ሲስተርን አሰብኩ።

በራሱ ይቀመጣል። ካሰብኩት ቀድሞ፣ በደረስን በ4 ቀኑ፣ ምንጣፍ ላይ። ሲዘም እጁን መሬት ይረግጥና ይመለሳል። በቀኝም በግራም።

ግራ እጁ? አሁን ከአምስት ጊዜ ሁለቴ ሦስቴ በግራው ይቀበላል። ቪዲዮዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ በተርታ አሳየኋቸው። የተሻሻለ ነው አሉ፣ ግን አልዘጉትም። በሚቀጥለው ወር የሕፃናት ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ታየዋለች። ቀኑ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፣ በሁለቱም አቆጣጠር።

ሲስተር_ሂርማታ
እሑድ፣ ማታ 2፡15

ደስ አለኝ። አለመዝጋታቸው ጥሩ ነው። እስከ ዓመቱ መቅረጽሽን አታቁሚ። አሁን ደግሞ ማየት የምትጀምሪው ትናንሽ ነገር በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣቱ ቆንጥሮ ማንሳቱን ነው፣ በሁለቱም እጅ። የተቀቀለ ምስር አንድ አንድ ፍሬ ሳህን ላይ አድርጊለት። አጠገቡ ሁኚ።

እናት_ከሜንቲና
እሑድ፣ ማታ 2፡40

ምስሩ እሳት ላይ ነው።